ኪሊፊ፣ ዛንዚባር ወይስ ደሴ?

የምክር ዓምድ

የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥረነዋል።

«ደሴ፣ ሸዋበር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። 46 ዓመቴ ነው። ሻርጃ ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራሁ፤ አሁን ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ የሴቶች ውበት ሳሎን አለን። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ልጆቻችን 14 እና 9 ዓመታቸው ነው። ሁላችንም ያለን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ያጠራቀምነው 110,000 ዶላር አካባቢ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ላይ ከወላጆቹ የደረሰው ቤት አለው፤ እሱን ሽጠን እንጨምርበት ይላል።

እዚህ የምንኖረው ቪዛችን እስካለ ድረስ ነው። ስናረጅ ማንም አያስቀምጠንም። ስለዚህ ሞቃት፣ ባሕር ያለበት፣ ኑሮው የማይከብድ አገር ቤት ገዝተን ልንገባ አስበናል። ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩበት ቢሆን ደስ ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ባል ኬንያ ነው ያለው። ኪሊፊ ባሕሩ አጠገብ ርካሽ ቦታ አለ፣ ቶሎ ካልያዝሽው ያመልጥሻል ይለኛል። አንድ ደላላ ደግሞ ዛንዚባር ገና እየተሠራ ያለ አፓርታማ በ85,000 ዶላር፣ መኖሪያ ፈቃዱ አብሮ ነው፣ በወር 700 ዶላር ይከራያል እያለ ቪዲዮ ይልክልኛል። ባለቤቴ ታይላንድና ባሊን ነው የሚያየው፤ ከዩቲዩብ አይነሳም። እናቴ 'ደሴ ሥሪና ነይ' ትላለች። የትኛው ይሻላል? — ሰ.»

እታለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። 19 ዓመት ሰው አገር ሠርቶ ይህን ያህል ገንዘብ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ እያሳደጉ፣ ቤተሰብ እየረዱ፣ ዕቁብ እየጣሉ ነው የሚጠራቀመው። መልሴ ትንሽ ጠንከር ካለብሽ ለገንዘብሽ ሳስቼ ነው።

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ዝርዝሩን ቀስ ብለን እናየዋለን። ዘንድሮ ምንም አትግዢ። ኪሊፊንም፣ ዛንዚባርንም፣ ባሊንም። መጀመሪያ ልትኖሩበት ያሰባችሁት አገር ገብታችሁ ተከራዩ። የዝናቡን ወር እዚያው አሳልፉት። ግዢው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን አትዪም? ደብዳቤሽ ላይ ሦስት ጉዳይ ተደባልቆብሻል። አንዱ እዚያ አገር የመኖር ፈቃድ ታገኛላችሁ ወይ የሚለው ነው። ሌላው የውጭ ሰው እዚያ ምን መያዝ ይችላል የሚለው ነው። ሦስተኛው ቤቱ ገንዘብሽን ይመልሳል ወይ ነው። አንዱ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው፣ አንዱ የመሬት ሕግ ነው፣ አንዱ የገበያ ነገር ነው። ደላላ ግን ሦስቱንም ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የባሕር ፎቶ ለጥፎ ይሸጥልሻል። ቤት ገዝተሽ መኖር የማትችዪበት አገር አለ። እንድትኖሪ ፈቅዶ መሬቱን የማያስነካሽ አገርም አለ።

የባለቤትሽን ዩቲዩብ ቶሎ እንዝጋው። ታይላንድ የውጭ ሰው መሬት በስሙ አይይዝም። አፓርታማ መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ዜጎች የሚይዙት ከጠቅላላው የቤቶቹ ስፋት 49 ከመቶ መብለጥ የለበትም። ገንዘቡም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ መግባቱ በባንክ ሰነድ መረጋገጥ አለበት። በእናንተ አቅም ያለ አፓርታማ መግዛት ቪዛ አያሰጥም። የጡረታ ቪዛ የሚባለው 50 ዓመት ለሞላውና 800,000 ባት ባንክ ላስቀመጠ ነው፤ አንቺ ገና 46 ነሽ። ባሊም ቢሆን ኢንዶኔዥያ ሙሉ የመሬት ባለቤትነትን የምትሰጠው ለዜጎቿ ብቻ ነው። በቪዲዮ የምታዩት ቪላ ብዙውን ጊዜ ለተወሰነ ዓመት የተያዘ ኪራይ ነው። አለዚያም በአገሬው ሰው ስም የተያዘ ነው። ይህ በሰው ስም መያዝ የሚሉት ነገር ሕገወጥ ነው። የተጣላችሁ ዕለት ቤቱ የእሱ ሆኖ ይቀራል፤ ክስ ብትመሠርቱ የምታጋልጡት ራሳችሁን ነው።

ሞሪሽየስ በቤት ግዢ መኖሪያ ለማግኘት መነሻው 375,000 ዶላር ነው፤ እለፊው። ፓናማንና ኮስታሪካን አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ያነሱልሽ ይሆናል። ለእነሱ ልክ ነው። የሁለቱም የጡረታ ቪዛ በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ይጠይቃል፤ አሜሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ያንን ያሟላል። የሻርጃ ሳሎን ጡረታ የለውም። በቤት ግዢ የሚገባበት መንገድም ከእናንተ አቅም በላይ ነው።

አሁን ስለ ሙቀቱ። «ሞቃት አገር» ብለሻል። ደሴም እኮ በካርታ ትሮፒካል ናት። 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው ያለችው፤ ከባንኮክ ይልቅ ለምድር ወገብ ትቀርባለች። ጦሳ ሥር ጋቢ የሚያስደርበን ከፍታው ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ። ይህን ወሎዬ ያውቀዋል። ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። ባቲ ስትገቢ ጥላ ትፈልጊያለሽ። ግማሽ ቀን እንኳ በማይሞላ መንገድ። ስለዚህ አገር ስታወዳድሪ የከተማውን ከፍታ ጠይቂ፤ ቆላ ነው ወይስ ወይና ደጋ? ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የኮምቦልቻ ቢጤ። ኪጋሊ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ካምፓላ 1,200 አካባቢ ነው። ሞምባሳ፣ ኪሊፊና ዛንዚባር ባሕሩ ጫፍ ላይ ናቸው።

የባሕሩ ሙቀት ደግሞ ከባቲው ይለያል። ባቲ ደረቅ ነው፤ ጥላ ሥር ስትቀመጪ ይለቅሻል። የሞምባሳው እርጥብ ነው፤ ሌሊትም አይለቅም። ሻርጃ ለምጄዋለሁ ትዪኝ ይሆናል። ሻርጃ የለመድሽው ኤሲውን ነው። ሞምባሳ ሌት ተቀን ኤሲ ስትከፍቺ የመብራት ሂሳቡ የቤት ኪራይ ያህል ይሰማሻል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ጨዋማው አየር የበር ማጠፊያ ይበላል፤ የኤሲውን የውጭ ሞተር ያዝገዋል። በርበሬ በደንብ ካልተከደነ ይሻግታል። የእንጀራ ሊጥሽ ከለመድሽው ቀን ቀድሞ ኮምጥጦ ይጠብቅሻል። ወባም አለ፤ ደሴ ያደገ ሰው ደግሞ ለወባ እንግዳ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ወዶት ይኖራል፤ አልክድም። ግን በደረቁ ወቅት ሁለት ሳምንት ተዝናንቶ የተመለሰ ሰው ይህን አያየውም።

ወደ ኪሊፊ ልምጣ። በጣም ያሳሰበኝ ይህኛው ነው፤ የሚሸጥልሽ ዘመድ ነዋ። ዘመድን ሰነድ አሳየኝ ማለት ያሳፍራል። አታፍሪ።

በኬንያ የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው፤ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 65 ነው ይህን የሚለው። «ፍሪሆልድ ነው፣ ለዘላለም ያንቺ ነው» ካለሽ ለኬንያዊ ልክ ነው። አንቺ ስትገዢው ግን ሰነዱ ምንም ቢል ሕጉ የሚቆጥርልሽ 99 ዓመት ነው። 99 ዓመት አይከፋም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚከፋው ሌላ ነው። ርካሽ የተባለው ቦታ የእርሻ መሬት ቢሆንስ? የእርሻ መሬት ሲሸጥ የመሬት ቁጥጥር ቦርድ የሚባል አካል መፍቀድ አለበት። ገዢው የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ እንዲከለክል ሕጉ ያዘዋል። ያለ ቦርዱ ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ ዋጋ የለውም። ከፍለሽ፣ ፈርመሽ፣ ፎቶ ተነስተሽ፣ መሬቱ ያንቺ አይሆንም ማለት ነው።

የጠረፉ መሬት የራሱ ታሪክም አለበት። ከባሕሩ 10 ማይል ወደ ውስጥ ያለው መሬት ድሮ የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ተብሎ የተያዘ ነበር። እንግሊዞች ከ1908 እ.ኤ.አ. ሕግ በኋላ መሬቱን ሲመዘግቡ ጥቂቶች በስማቸው አስመዘገቡ። ሚጂኬንዳ ከሚባሉት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ሳይመዘገብላቸው ቀረ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ወረቀቱ ሩቅ አገር ባለ ሰው ስም፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ ቤተሰብ ያለበት ቦታ ሞልቷል። ሞምባሳ ውስጥማ ቤቱ የአንድ ሰው፣ ቤቱ የቆመበት መሬት የሌላ ሰው የሚሆንበት የቆየ አሠራር አለ። እና ርካሽ የባሕር ዳርቻ ቦታ ሲያሳዩሽ መጀመሪያ «ማን አለበት?» በዪ። ፎቶው ላይ የኮኮናት ወይም የካሹ ዛፍ ካየሽ ተክሎ የሚለቅም ሰው ሊኖር ይችላል። ያ ሰው ስለ ሽያጩ ሰምቷል?

የይዞታ ማረጋገጫውን ፎቶ አትመኚ። የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ተቀበዪ። ከዚያ የራስሽ ጠበቃ ከመሬት መዝገብ ቤት ኦፊሴላዊ ማጣሪያ ያውጣልሽ። ሻጩ ያመጣልሽ ጠበቃ ሳይሆን አንቺ የቀጠርሽው። የሚመጣው ወረቀት አጭር ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ መሬቱ ነው። ስፋቱን፣ ፍሪሆልድ ወይም ሊዝ መሆኑን ይነግርሻል። ሊዝ ከሆነ የጀመረበትን ዓመት ፈልጊ፤ 99 ተብሎ የቀረው 20 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የባለቤቱ ስም ነው። ስሙ የሻጩ ነው? ወይስ የሞተ ሰው? የሞተ ሰው ከሆነ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ሳይታወቁ ማንም ሊሸጥልሽ አይችልም። ሦስተኛው ዕዳውና ዕግዱ ነው። የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት ዕግድ፣ «እኔም መብት አለኝ» ብሎ ያመለከተ ሰው ካለ እዚያ ይሰፍራል። ሰው ሁለተኛው ላይ የሻጩን ስም ሲያይ ደስ ይለውና ሦስተኛውን ሳያነብ ይፈርማል። አንቺ ከታች ጀምረሽ አንብቢው።

ቀጥሎ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ቦታው ድረስ ሄዶ የድንበር ምልክቶቹን ያግኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውና ያሳዩሽ ቦታ አንድ መሆኑን የሚነግርሽ እሱ ነው። የቴምብር ቀረጥም አለ፤ ከተማ ከሆነ ከዋጋው 4 ከመቶ፣ ገጠር ከሆነ 2 ከመቶ። የሚከፍለው ገዢ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ ቦታው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ? ኬንያ ውስጥ መሬት ስለያዝሽ ብቻ መኖሪያ ፈቃድ አይሰጥሽም። ኢትዮጵያዊ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ትልቅ ዕድል ነው። መግባትና መኖር ግን ይለያያል። ሳትሠሪ ለመኖር የሚሰጠው ፈቃድ ከ35 ዓመት በላይ መሆንንና በዓመት 24,000 ዶላር የተረጋገጠ ገቢን ይፈልጋል። ሥራ ከፍተሽ ለመኖር ደግሞ 100,000 ዶላር ካፒታል ማሳየት አለብሽ። ገንዘብሽን ባዶ ቦታ ላይ ካፈሰስሽው ሁለቱንም አታሟዪም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። አንቺ ሙያ አለሽ። የስዋሂሊ ጠረፍ ሴቶች ለሠርግና ለዒድ ሂና ሳያደርጉ አይውሉም። ናይሮቢም የውበት ሥራ ገበያ አለው። ኬንያ ልትገቡ ከሆነ በር የሚከፍትላችሁ ሳሎንሽ ነው፤ የኪሊፊው ቦታ አይደለም። እርግጥ 100,000 ማለት ያላችሁን ሁሉ ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት ነው መጀመሪያ ተከራይታችሁ ገበያውን እዩት የምለው። ሞምባሳ አፓርታማ ገዝተን ሻርጃ ሆነን እናከራይ ካላችሁም አሁን ባለው ሕግ ነዋሪ ካልሆነ ሰው ኪራይ ላይ 30 ከመቶ ግብር ይቆረጣል። እዚያው የሚኖር ሰው ለመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከፍለው 7.5 ከመቶ ነው።

የዛንዚባሩ ደላላ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። ዛንዚባር መሬት የመንግሥት ነው፤ እንደ እኛው። የውጭ ሰው የሚገዛው የኢንቨስትመንት ባለሥልጣናቸው፣ ዚፓ የሚሉት፣ ባጸደቀው ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ እስከ 99 ዓመት በሊዝ። መኖሪያ ፈቃድም በግዢው ይገኛል። መነሻው ግን 100,000 ዶላር ነው። ያንቺ አፓርታማ ደግሞ 85,000 ነው። «አብሮ ነው» ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ዝም ብሏል። በሁለቱም መንገድ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው አይደለም።

ኪራዩን አብረን እናስላው። 700 በ12 ሲባዛ 8,400 ይሆናል። ከ85,000 10 ከመቶ ገደማ ነው፤ ደላላው ያሳየሽ ይህን ነው። አሁን ማሲካ የሚሉትን ትልቁን ዝናብ አስገቢበት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ቱሪስቱ ይጠፋል፣ ሆቴሎች ሳይቀሩ ይዘጋሉ። ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 7,000 ቀረ። የሚያስተዳድርልሽ ድርጅት 20 ከመቶ ቢወስድ 5,600። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለመዋኛው በወር 100 ቢያስከፍሉሽ 4,400። በመቶ አምስት አካባቢ ደረስን። ግብሩ፣ የቤት ዕቃው፣ የኤሲ ጥገናው ገና አልተነሳም። ሃያ ከመቶውና መቶ ዶላሩ የእኔ ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ከውሉ አይተሽ ራስሽ አስሊው። ደሞስ ለቱሪስት ካከራያችሁት እናንተ የት ልትኖሩ ነው? ደላላው ቤቱን ሁለት ጊዜ ነው የሸጠልሽ፤ አንዴ ለመኖሪያ፣ አንዴ ለኪራይ።

ገና ያላለቀ ቤት መሆኑም አለ። አዲስ አበባ ላይ ለሪል እስቴት ከፍሎ ዓመታት የጠበቀ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለማይጠፋሽ ብዙ አላስረዳሽም። ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር ታስሯል ወይ? ቢዘገይ ምን ይከፍሉሻል? ሲያልቅ ለክፍልሽ በስምሽ የተለየ ሰነድ ይወጣል ወይ? እነዚህ ውሉ ውስጥ በጽሑፍ ካልተመለሱ የስልክ መልስ አይጠቅምሽም። መብራትንም ጠይቂ። ዛንዚባር መብራት የምታገኘው ከዋናው የታንዛኒያ ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተበላሽቶ ዋናዋ ደሴት ሦስት ወር ያህል በጨለማ ቆይታለች። ከዚያ በኋላ አዲስ ገመድ ገብቷል። ቢሆንም ሕንፃው ጄኔሬተር ከሌለው አራተኛ ፎቅ አትግዢ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከዘረዘርሻቸው ሁሉ ለእናንተ ኑሮ የሚቀርበው ዛንዚባር ነው። ሸዋበር ላደገ ሰው ባይተዋር አያደርግም። አዛኑ አለ፣ ረመዳኑ አለ፣ ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩበት ችግር አይሆንም። ዓረብኛ ስለምትሰሚ ስዋሂሊው ውስጥ ብዙ ቃል ታውቂያለሽ። የሚያስቸግረው የ14 ዓመቱ ልጅ ትምህርት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በታችኛው ክፍል በስዋሂሊ ስለሚያስተምር ለሁለቱም ልጆች የግል መፈለግሽ አይቀርም። በዚህ በኩል ኬንያ ትሻላለች፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። የአፓርታማውን ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት የሁለት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ጠይቂ። በየተርሙ ይከፈላል፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይቀጥላል። አፓርታማው ያኔ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይታይሻል።

ባሕሩ ግድ ካልሆነ ኪጋሊን አትርሱ። ርዋንዳ ለማንኛውም አፍሪካዊ ያለ ቪዛ ትከፍታለች። አየሩ ለወሎ ሰው ይስማማል። መሬቷም ቁራሽ በቁራሽ ተመዝግቧል፤ የባለቤትነት ክርክር እንደ ጠረፉ አያስፈራም። ካምፓላ ግን ረጋ በሉ። የውጭ ሰው በሊዝ ብቻ ይይዛል፤ በቡጋንዳ በኩል ደግሞ የመሬቱ ባለቤትና መሬቱ ላይ የመኖር መብት ያለው ሰው ይለያያሉ። ኪባንጃ የሚሉትን፣ ይህን የመኖር መብት ብቻ ገዝተው ባለመሬት የሆኑ የመሰላቸው ጥቂት አይደሉም።

የኮምቦልቻውን ቤት አትሽጡ። ባለቤትሽን በዚህ ብቻ እንኳ አጥብቀሽ ያዢው። ሲሸጥ የምታገኙት ብር ነው። ያንን ብር አገር ውስጥ ሆኖ በሕጋዊ መንገድ ወደ ዶላር ቀይሮ ውጭ አገር ቤት መግዛት አይቻልም። በጥቁር ገበያ ላውጣው ማለት ከትርፉ መጉደል ነው፤ በዚያ ላይ ወንጀል ነው። ዶላር በሐምሌ 2016 ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ተጎዳ። ቤት ይዞ የተቀመጠ ሰው ቤቱ አለ። ይከራይ፣ ኪራዩ ለእናትሽና ለቤተሰቡ ይሁን፤ ከሻርጃ የምትልኩት ይቀንስላችኋል።

እናትሽ ደሴ ሥሪ ያሉት ለናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። እስካሁን ከቆጠርናቸው አገሮች ፈቃድ ሳትጠይቂ የምትኖሪበት ደሴ ብቻ ነው። ፓርላማው በሰኔ 2017 የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ መነሻው 150,000 ዶላር ነው። አንቺ ያንን መብት በፓስፖርትሽ ይዘሽዋል። አንዳችሁ የሌላ አገር ዜግነት ብትወስዱ እንኳ ቢጫ ካርድ በሚባለው፣ በአዋጅ 270 መሠረት፣ ቤት የመያዝ መብት ይኖራችኋል። በሌላ በኩል ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ያዩትን ላንቺ አልነግርሽም። ከዚያም ወዲህ መንገዱ ተዘጋ ተከፈተ ሲባል ነው የምንሰማው። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ደሴ ላይ አታፍስሱ። ኮምቦልቻ አንድ ቤት አላችሁ፤ ለጊዜው ይበቃል። የግድ ትንሽ ነገር ልሥራ ካልሽ ለወንድምሽ የምትሰጪው ውክልና ላይ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የምትለው ሐረግ አትግባ። ለማሠራት፣ ግብር ለመክፈልና ጉዳይ ለመጨረስ የሚል በቂ ነው። ቆንስላው የተዘጋጀ ቅጽ ሲሰጥሽ ሳታነቢ አትፈርሚ።

እንግዲህ ዘንድሮ ምን ታደርጊ? አንዳችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፤ ገበያውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሚያዝያንና ግንቦትን ምረጪ፤ ዝናቡ፣ እርጥበቱ፣ ትንኙ ሁሉ ያኔ ነው ያለው። ሞምባሳ ዕቃ የተሟላለት ቤት ተከራዪ፣ ከዚያ ዛንዚባር ተሻግረሽ ጥቂት ሳምንት ቆዪ። ሳሎኖቹ ውስጥ ገብተሽ ፀጉርሽን ተሠሪ፤ ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ወንበሩ ስንት ሰዓት ባዶ እንደሚውል እዪ። ትምህርት ቤት ሂጂ። ባለቤትሽና ልጆቹ ሻርጃ ይቆዩ፤ ቪዛችሁ አይነካ። አንቺም ከ6 ወር በላይ ከኢማራት ውጭ አትቆዪ፤ መኖሪያሽ ሊሰረዝ ይችላል። 110,000ው ባለበት ባንክ ይቀመጥ። ለጉዞውና ለኪራዩ የሚሆን ነጥለሽ ውሰጂ፤ ሌላውን ማንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ቶሎ በዪ ቢልሽ አታንቀሳቅሺው።

ለአክስትሽ ልጅ ባል ደግሞ ዛሬውኑ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። የቦታውን የመዝገብ ቁጥር ላክልኝ፤ ጠበቃዬ ከመዝገብ ቤት ያጣራዋል። የእርሻ መሬት ነው ወይስ የመኖሪያ? ላዩ ላይ የሚኖር ሰው አለ ወይ? ይህ ሳይታወቅ ቀብድ አልከፍልም።»

ቁጥሩን ከላከ ጥሩ፤ ውጤቱ ሲመጣ ሦስተኛውን ክፍል ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን። «አታምኚኝም እንዴ» ብሎ ካኮረፈ ግን ስለ ኪሊፊ የምንነጋገረው ነገር የለም።